ደሴ ላይ ቢራ መጥመቅ፦ ያለ ሆፕስ፣ ያለ ቴርሞሜትር

ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው። «ደሴ ላይ ሆፕስ የት ይሸጣል?» እሱን መልሼ ሳልጨርስ «ቴርሞሜትርስ? የቢራ እርሾስ?» ይከተላል። ያንኑ ለየሰዉ ከመደጋገም ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብያለሁ።

ሆፕስ፣ ማለትም ቢራን መራራ የሚያደርገውን አበባ፣ ፈልጌ አላገኘሁም፤ መፈለጉንም ትቻለሁ። መራራውን ከጌሾ አገኛለሁ። እርሾው የሱቅ የዳቦ እርሾ ነው። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ በልክ ቀላቅሎ የሚፈልገውን ሙቀት ያገኛል። ስንት በስንት እንደሆነ ከታች አለ። እስካሁን የቀመስኳቸው የተበላሹ ጠመቃዎች አብዛኞቹ ዕቃ ጎድሏቸው አይደለም የተበላሹት፤ ብቅሉ በሙቀት ሞቶ ነው።

ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ያደጋችሁ አንድ ነገር ቀድማችሁ ያዙ። ለጠላ ብቅሉ ጥቂት ነው፤ ዋናው እንኩሮው ወይም ቂጣው ነው፤ ሁሉም ጋን ውስጥ አብሮ ይብላላል። ለዚህ ቢራ ግን እህሉ በሙሉ ብቅል ነው። ስኳሩ በሙቅ ውሃ ይወጣል፣ ገለባው ይወገዳል፣ ፈሳሹ ለብቻው ይፈላል፣ ከቀዘቀዘ በኋላ እርሾ ይገባበታል። መጀመሪያ ቀን ግቢ ውስጥ ሳፈላ ጎረቤታችን እማማ ድስቱን አጎንብሰው አዩና «ምነው ልጄ፣ ጠላ እንደ ሽሮ ይንተከተካል እንዴ?» አሉኝ። አዎ፣ ይሄኛው ይንተከተካል።

ልኩ ሁሉ ለ10 ሊትር ቢራ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚህ በላይ አትሞክሩ። ከተበላሸም ትንሽ ይበላሽ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ገብስ፦ 4 ኪሎ። ሲበቅልና ሲደርቅ ከ3 ኪሎ ትንሽ ከፍ ያለ ብቅል ይወጣዋል።
- ጌሾ፦ 50 ግራም እንጨቱ፣ 15 ግራም ቅጠሉ። ባለሱቁ ይመዝንላችሁ።
- ደረቅ የዳቦ እርሾ፦ 5 ግራም ገደማ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል።
- ስኳር፦ 50 ግራም፣ ልሙጥ 4 የሾርባ ማንኪያ።
- ውሃ፦ 20 ሊትር። የቧንቧ ከሆነ ማታ ቀድታችሁ ክዳኑን ከፍታችሁ አሳድሩት፣ ክሎሩ ይውጣ። ክሎር ከብቅል ጋር ሲገናኝ የመድኃኒት ጣዕም ያመጣል።
- ሁለት ትልልቅ ድስት። አንዱ ቢያንስ 20 ሊትር የሚይዝ።
- ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ቢቻል አዲስ። የዘይት ጀሪካን ከሆነ በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግማችሁ እጠቡት፤ የቀረ ዘይት የቢራውን አረፋ ያጠፋል።
- አዲስ የግሉኮስ ቱቦ ከፋርማሲ። የአየር መውጫ ይሆናል።
- ሁለት ሜትር ግልጽ ቱቦ፣ ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚጠቀሙበት ዓይነት። እሱም አዲስ ይሁን።
- ወንፊትና ንጹሕ ሻሽ።
- ወፍራም ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ።
- አዮዲን፣ ትንሿ ጠርሙስ ትበቃለች። ይሄም ከፋርማሲ።
- በረኪና።
- የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ ከነክዳኑ፦ ባለ አንድ ሊትር ከሆነ 10፣ ባለ ግማሽ ከሆነ 20።

ሃይላንድ አይሆንም። የውሃ ፕላስቲክ ስስ ነው፣ ጋዝ አይችልም። የለስላሳው ግን የተሠራው ለጋዝ ነው። የቢራ ጠርሙስ ያላችሁም ቆርኪ መግጠሚያ ከሌላችሁ ተዉት። በቡሽ ወይም በፌስታል የተወተፈ ጠርሙስ ወይ ጋዙን ያስተነፍሳል ወይ ይፈነዳል።

የባትሪ አሲድ የነካውን ዕቃ በሙሉ አርቁ። «የሜካኒኩ የባትሪ አሲድ መለኪያ የስኳሩን መጠን ያሳየኛል?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ። አያሳይም፤ ቁጥሩ የሚጀምረው ከቢራ በላይ ነው፤ ለዚያውም አሲድ ነክቶታል።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ማስጠንቀቂያ

ድስቱን ቤት ውስጥ ከሰል ላይ አትጣዱ። ማፍላቱ ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። የደሴ ብርድ በር ዝጉ ዝጉ ያሰኛል፤ የከሰል ጭስ ደግሞ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። ግቢ ውስጥ ወይም በረንዳ ላይ አፍሉ።

ለዘር የተዘጋጀ ገብስ አትግዙ። የዘር እህል ብዙ ጊዜ የተባይ መድኃኒት ይቀባል። ቀይ ወይም ሌላ ቀለም ያለበትን፣ የሚሸተውን፣ የሻገተውን እለፉት። ሻጋታ ታጥቦ አይለቅም፤ መርዙም ሲፈላ አይጠፋም።

1. ገብሱን ፈትኑ

ከለጋምቦ፣ ከወረኢሉ፣ ከኩታበር የሚወርድ ጥሩ ገብስ ገበያው ላይ አለ። ሻጩን «ለብቅል ነው» በሉት። ሰነፍ ቆሎ የሚባለውን ገብስ አትግዙ፤ ቅርፊቱ በቀላሉ ስለሚለቅ ለቆሎ እንጂ ለእኛ አይመችም። ቅርፊቱን በኋላ ለማጥለያ እንፈልገዋለን።

4 ኪሎውን ከመግዛታችሁ በፊት አንድ እፍኝ ውሰዱ። 100 ፍሬ ቆጥራችሁ እርጥብ ጨርቅ ላይ ጠቅልሉና 3 ቀን አቆዩ። 95 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ግዙ። ከ90 በታች ከሆነ ሌላ ሻጭ ፈልጉ። ያልበቀለ ፍሬ ብቅል አይሆንም፣ ይሻግታል እንጂ፤ የሻገተው ደግሞ ጎረቤቱን ይበክላል።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የታጨደ አዲስ ገብስ በዚህ ፈተና ሊወድቅ ይችላል። ገብሱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ አዲስ እህል ገና እንቅልፍ ላይ ነው። ሁለት ወር አቆይታችሁ ድጋሚ ፈትኑት።

2. ዘፍዝፉ፣ አንጠፍጥፉ

አጥባችሁ የሚንሳፈፈውን አስወግዱ። ከዚያ 8 ሰዓት ውሃ ውስጥ፣ 8 ሰዓት ያለ ውሃ፣ እንደገና 8 ሰዓት ውሃ ውስጥ እያላችሁ ሁለት ቀን ያህል ቀጥሉ። በየዙሩ ውሃው አዲስ ይሁን።

ያለ ውሃ የሚቀመጥበትን ጊዜ አትዝለሉት። እህሉ ሕይወት አለው፣ ይተነፍሳል። ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ ውስጥ ከተተወ ታፍኖ ይሞታል፤ በሦስተኛው ቀን ቤቱን የሚያሸተውም እሱ ነው።

አንድ ፍሬ ወስዳችሁ በጥፍር ለሁለት ክፈሉ። መሃሉ ላይ ደረቅ ነጭ ነጥብ ከሌለና ጫፉ ላይ የሥሯ ነጭ ጫፍ ብቅ ካለች በቅቷል።

3. አብቅሉ

ንጹሕ ጆንያ ወይም ላስቲክ ላይ አንድ ጣት ያህል ውፍረት አድርጋችሁ ዘርጉት። በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑ። ፀሐይ አይንካው። ጠዋትና ማታ በእጃችሁ አገላብጡት፤ ከደረቀ ውሃ እርጩበት።

ማገላበጡ ለሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሚበቅል እህል ይሞቃል። እጃችሁን መሃሉ ላይ ስታስገቡ ለብ ካለ ቀጭን አድርጋችሁ ዘርጉት። ሁለተኛ፣ ካልተገላበጠ ሥሩ ተጠላልፎ እንደ ምንጣፍ ይያያዛል።

ደሴ ላይ 5 ወይም 6 ቀን ይፈጃል። ኮምቦልቻ ስለሚሞቅ 4 ቀን ሊበቃ ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ቀን በመቁጠርና ሥሩን በማየት ነው። ሥሩ በሦስተኛው ቀን ረዝሞ ያታልላል። የምትፈልጉት ቡቃያውን ነው፤ እሱ ደግሞ ከቅርፊቱ ሥር ተደብቆ ነው የሚያድገው። ፍሬውን በጀርባው በኩል ላጡት። ነጯ ቡቃያ የፍሬውን ርዝመት ሦስት አራተኛ ከደረሰች አቁሙ። ከዚያም የፍሬውን ውስጥ በሁለት ጣት እሹት። እንደ ጠመኔ ከተቀባ ደርሷል፤ ጠጣር ኳስ ሆኖ ከተንከባለለ አንድ ቀን ጨምሩለት። ቡቃያዋ ከቅርፊቱ ወጥታ አረንጓዴ ከሆነች ግን አልፏችኋል፤ ስኳር የሚሆነውን እሷ በልታዋለች።

4. አድርቁ፤ ብቅሉን አትግደሉ

ገብስ ሲበቅል በውስጡ ኢንዛይም ይሠራል። ኋላ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቀይረው ይሄ ኢንዛይም ነው። እርጥብ ሳለ ሙቀት አይችልም፤ ከደረቀ በኋላ ግን ይጠነክራል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ድርቀት፣ ቀጥሎ ሙቀት።

ፀሐይ ላይ ስስ አድርጋችሁ 2 ወይም 3 ቀን አስጡ። ማታ ማታ አስገቡት፣ ጤዛ የቀኑን ድርቀት ይመልሰዋል። ከጥቅምት በኋላ ያለው በጋ ለዚህ ምርጥ ነው። ክረምት ላይ አልመክርም፤ የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ የእኔም ብቅል ሁለት ጊዜ ሻግቶብኛል።

ፍሬው በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። አሁን ምጣድ ላይ በጣም ዝቅተኛ እሳት አድርጋችሁ ለ2 ሰዓት አሙቁት። መለኪያው እጃችሁ ነው። መዳፋችሁን ብቅሉ ውስጥ አስገብታችሁ እስከ አስር መቁጠር ካልቻላችሁ እሳቱ በዝቷል። ይሄ ማሞቅ ጥሬ የሣር ጣዕሙን አስወጥቶ የብስኩት ሽታ ይሰጠዋል። አትቁሉት! የተቆላ ብቅል ለቢራ መሠረት አይሆንም።

ከዚያ ጆንያ ውስጥ አድርጋችሁ እሹትና ሥሩን በሰፌድ አንፍሱት። ሥሩ መራራ ነው፣ ያውም ጌሾ የማይሰጠው ዓይነት መራራ። የተጣራውን ብቅል ደረቅ ቦታ አንድ ሳምንት አሳርፉት።

ወርቃማ ሳይሆን ጠቆር ያለ ቢራ የሚወድ ከ3 ኪሎው ላይ 150 ግራም ለብቻ ወስዶ ቡና እስኪመስል ይቁላው። እሱ ለቀለምና ለጣዕም ብቻ ነው። ኢንዛይሙን የቀረው ብቅል ይሸከመዋል።

ማብቀሉ ከከበዳችሁ ገበያ ላይ የተዘጋጀ የጠላ ብቅል አለ። ስትገዙ አኝኩት። ጣፋጭና ተሰባሪ ይሁን፤ የሻጋታ ሽታ፣ የጭስ ሽታ ወይም የመቃጠል ምልክት አይኑርበት። የገብስ መሆኑንም ጠይቁ፣ የስንዴም ይሸጣልና።

5. ሸርክቱ

ብቅሉ ይሸረከታል እንጂ አይፈጭም። እያንዳንዱ ፍሬ ሁለት ሦስት ቦታ ይሰበር፣ ቅርፊቱ ግን ሳይደቅ ይቅር። ዱቄት ከሆነ ውሃ ሲነካው ሊጥ ይሆናል፤ ሊጥ ደግሞ አይጠልልም።

የቡና ወይም የእህል እጅ መፍጫ ካላችሁ አላልታችሁ ተጠቀሙ። ሙቀጫም ይሆናል፣ ትዕግሥት ካለ። ወፍጮ ቤት ከሄዳችሁ «ሸርክትልኝ» ብላችሁ ቁሙና ከእናንተ በፊት ምን እንደተፈጨ እዩ። እኔ አላየሁም። ከፊቴ አንዲት እናት በርበሬያቸውን አስፈጭተው ወጥተው ነበር። ቢራው ጥሩ ቀለም ነበረው፣ አረፋውም ቆንጆ ነበር፤ ሲጠጣ ግን ጉሮሮ ይፋጃል። ጓደኞቼ እስከ ዛሬ «ያ አዋዜህ እንዴት ነው?» ይሉኛል። ከጤፍ ወይም ከስንዴ በኋላ አስፈጩ፤ የመጀመሪያውን እፍኝም ለዶሮ ጣሉት።

6. ሙቅ ውሃ ውስጥ አሳርፉ

የጠመቃው ልብ ይሄ ነው። የብቅሉና የውሃው ድብልቅ ከ63 እስከ 68 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል መቆየት አለበት። ከዚያ በታች ኢንዛይሙ ይሰንፋል። 75 ከደረሰ ይሞታል።

ታዲያ ያለ ቴርሞሜትር እንዴት? ውሃ የሚፈላበት ሙቀት እንደ ከፍታው ይለያያል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ እዚያ 94 ገደማ ላይ ይፈላል። የባሕር ጠረፍ ላይ 100 ነው። በሌላ አገር መመሪያ የተጻፈውን «የፈላ ውሃ» ልክ ደሴ ላይ ከሠራችሁበት የሚቀዘቅዝባችሁ ለዚህ ነው።

ለ3 ኪሎ ብቅል ልኩ ይሄ ነው፦

- ደሴ፦ 6 ሊትር የፈላ ውሃ፣ 2 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ።
- ኮምቦልቻ፦ 5 ሊትር ተኩል የፈላ፣ 2 ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ።
- ወረኢሉና ለጋምቦ ያላችሁ እንደ ደሴ ቁጠሩት፤ ጋቢውን ግን ደርቡ።

የፈላውን ድስት ከእሳት አውርዱ። ቀዝቃዛውን ጨምሩና አማስሉ። ብቅሉን ወዲያው በትኑበት፤ ጓል እንዳይኖር በማማሰያ አፍርሱት። መጀመሪያ ውሃው ተቀላቅሎ ይለቅ፣ ብቅሉ ከዚያ ይግባ። ብቅሉን በፈላ ውሃ ላይ ጨምሮ በኋላ ማቀዝቀዝ አይሠራም፤ ኢንዛይሙ በሰከንዶች ውስጥ ይሞታል፣ ቀዝቃዛ ውሃም አያስነሳውም።

ክዳኑን ግጠሙ። ድስቱን በጋቢ ጠቅልላችሁ አንድ ጥግ አስቀምጡት። ባዶ ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጡት፤ ከሥሩ ጆንያ ይንጠፍ፣ ሙቀቱን ወለል እንዳይጠጣው። እየከፈታችሁ አትዩት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ በማንኪያ ከላይ የጠራውን ፈሳሽ ብቻ ጨልፋችሁ ነጭ ሰሃን ላይ አድርጉ። ሲቀዘቅዝ አንድ ጠብታ አዮዲን ጣሉበት። የአዮዲኑ ቢጫ ቡናማ ቀለም ካልተቀየረ ስታርቹ ስኳር ሆኗል። ሰማያዊ ጥቁር ከሆነ ስታርች አለ፤ ሌላ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ቅርፊት ካለበት ሁልጊዜ ስለሚጠቁር ፈሳሹ ብቻ ይሁን። የሰሃኑን ድፉት፣ ወደ ድስቱ አትመልሱት።

ሁለት ሰዓት አልፎም ከጠቆረ ብቅሉ ደክሟል ወይም ሞቷል። አብሽሩ፣ አልከሰራችሁም። ድስቱን በቀስታ እጅ መቋቋም እስኪያቅተው ድረስ ብቻ አሙቁና 300 ግራም ያልሞተ ብቅል ሸርክታችሁ ጨምሩበት። ሌላ አንድ ሰዓት ጋቢ ውስጥ ይቆይ።

ቅመሱት ደግሞ። ጣፋጭ መሆን አለበት፣ ስኳር የበዛበት ቀሪቦ ያህል።

7. አጥልሉ

ሁለተኛው ድስት ላይ ወንፊት፣ ወንፊቱ ላይ ሻሽ። ቀስ እያላችሁ ገልብጡ። መጀመሪያ የሚወርደው ድፍርስ ነው፤ እሱን መልሳችሁ በብቅሉ ላይ አፍስሱት። ቅርፊቱ ራሱ ማጥለያ ሆኖ ሁለተኛው ይጠራል።

እንደገና ያንኑ 8 ሊትር ውሃ በዚያው ልክ አዘጋጁና በብቅሉ ላይ በቀስታ አፍስሱ። ገለባው ውስጥ የቀረውን ስኳር ያጥበዋል። የሚፈላ ውሃ አታፍስሱ፤ ከቅርፊቱ የሚያኮማትር ጣዕም ያወጣል፣ ብዙ እንደቆየ ሻይ። ሻሹንም አትጭመቁት፣ በዚያው ምክንያት። በአጠቃላይ 13 ሊትር ገደማ ይኖራችኋል። ገለባውን ላም ወይም ዶሮ ያለው ጎረቤት ይወስደዋል።

8. አፍሉ

ከፈላበት ደቂቃ ጀምሮ 90 ደቂቃ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ። የጌሾውን እንጨት መጀመሪያ ላይ፣ ቅጠሉን ሊጠናቀቅ 15 ደቂቃ ሲቀረው ጨምሩ።

ለምን 90? ማፍላቱ የዱር ባክቴሪያውን ይገድላል፣ የጌሾውን ምሬት ያወጣል። ሦስተኛም አለ። በፀሐይ የደረቀ ብቅል ሲፈላ የተቀቀለ ጥቅል ጎመን የሚመስል ሽታ ይሰጣል፤ ያ ሽታ ከእንፋሎት ጋር ይወጣል። ክዳን ከደፋችሁበት ተመልሶ ይንጠባጠባል። ደሴ ላይ ውሃ በ92 ስለሚፈላ ይሄ ሁሉ ይዘገያል፤ ስለዚህ ሌላው 60 ደቂቃ የሚለውን እኔ 90 አደርገዋለሁ።

የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ላይ ከድስቱ አትራቁ። አረፋው እንደ ወተት በድንገት ይገነፍላል። ልጆችን አርቁ።

ጌሾ ሁሉ እኩል አይደለም፤ የአንዱ ገበያ ከሌላው በጣም ይለያያል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከጻፍኩት ልክ አትለፉ። ያነሰውን በሚቀጥለው ትጨምራላችሁ፤ የበዛውን ግን ማንም አያወጣውም።

9. አቀዝቅዙ

ከዚህ በኋላ ቢራውን የሚነካ ነገር ሁሉ በበረኪና የተዘጋጀ ይሁን። ለ4 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና። ጀሪካኑን፣ ቱቦዎቹን፣ ማንኪያውን 15 ደቂቃ ዘፍዝፉና ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በደንብ አለቅልቁ። በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር በጭራሽ አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። በግራዋ ማሸት ቆሻሻ ያነሳል እንጂ በረኪናን አይተካም። ጀሪካን በወይራ ማጠንም አይሆንም፣ ፕላስቲክ ነው።

ድስቱን ክዳኑን ገጥማችሁ ቀዝቃዛ ውሃ በሞላ ትልቅ ሳፋ ውስጥ አስቀምጡት። ውሃው ሲሞቅ ቀይሩ፤ ሦስት አራት ጊዜ። የድስቱ ውጭ ሲነካ ምንም ሙቀት የማይሰማ ከሆነ ደርሷል። ትኩስ ፈሳሽ ጀሪካን ውስጥ አትገልብጡ፤ ፕላስቲኩ ይጣመማል፣ እርሾውም ይሞታል።

10. እርሾ ጨምሩ

እርሾውን በግማሽ ብርጭቆ ለብ ያለ፣ ቀድሞ በፈላ ውሃ ውስጥ 15 ደቂቃ አርጥቡት። ክንድ ላይ ጠብ ሲል የማያቃጥል ይሁን። የብቅሉን ውሃ ከከፍታ እያንቆረቆራችሁ ወደ ጀሪካኑ አውርዱት፤ ጌሾውና ዝቃጩ ድስቱ ውስጥ ይቅር። እርሾ ለመነሻው አየር ይፈልጋል፣ መንቆርቆሩ ለዚያ ነው። አየር የሚጠቅመው ግን አሁን ብቻ ነው፤ ከተብላላ በኋላ የገባ አየር የቢራውን ጣዕም ያበላሻል ወይም ያኮመጥጠዋል።

ከጠላ ቤት ጥንስስ አምጥታችሁ አትጨምሩ። ጥንስስ ውስጥ እርሾ ብቻ አይደለም ያለው፣ የሚያኮመጥጥ ባክቴሪያም አለ። ለጠላ ጣዕሙ ነው፤ ይሄን ግን በሳምንት ውስጥ ኮምጣጣ ያደርገዋል። ከፋብሪካ ቢራ ጠርሙስ ሥርም እርሾ አይገኝም። አብዛኛው ተጣርቶና ተሞቆ ነው የሚታሸገው።

የጀሪካኑን ክዳን በስታችሁ የግሉኮስ ቱቦውን አስገቡ፤ ዙሪያውን በሰም ድፈኑ። ሌላው ጫፍ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ይግባ። ጋዝ ይወጣል፣ አየርና ዝንብ አይገባም። ክዳኑን ያለ መውጫ ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉ፤ ጀሪካኑ ያብጣል፣ ከዚያም ይፈነዳል።

11. ጠብቁ

ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ። የዳቦ እርሾ ሲሞቀው ይቸኩላል፤ የሚቸኩል እርሾ ራስ ምታት የሚያስይዝ፣ ቫርኒሽ ቫርኒሽ የሚል ቢራ ይሰጣል። ደሴ ላይ አንድ ጓዳ ይበቃል፤ ሌሊት ብቻ ጋቢ ጣል አድርጉበት። ኮምቦልቻ ላይ ጀሪካኑን ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አቁሙና እርጥብ ጨርቅ አልብሱት።

ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ብርጭቆው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። 10 ቀን ገደማ ላይ ይረጋጋል። በ14ኛው ቀን ቅመሱ። ጣፋጭነቱ ከጠፋ፣ ከላይ ከጠራና ሦስት ቀን ሙሉ አንድም ቡልቅታ ካልታየ አልቋል። ጥርጣሬ ካላችሁ ሌላ አራት ቀን ተዉት። ቶሎ የታሸገ ቢራ ነው የሚፈነዳው።

12. አሽጉ

50 ግራሙን ስኳር በአንድ ሲኒ ውሃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙት። በንጹሕ ድስት ውስጥ አፍስሱና ቢራውን በግልጽ ቱቦው ከጀሪካኑ ወደ እሱ አውርዱት። ቱቦውን በአፋችሁ አትሳቡት፣ አፍ በባክቴሪያ የተሞላ ነው። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ሙሉትና ሁለቱን ጫፍ በጣታችሁ ይዛችሁ ዝቅ አድርጉት፤ ራሱ ይስባል። ከሥር ያለው ዝቃጭ አይነካ።

ጠርሙሱን ሞልታችሁ ሦስት ጣት ክፍት ተዉ። ከመዝጋታችሁ በፊት ጭመቁት፤ ቢራው አፉ ጋ ሲደርስ ክዳኑን አጥብቁ። ጠርሙሱ ጎኑ ገብቶ ይቀራል። ጋዝ ሲሠራ ራሱ ይነፋል፤ ይሄ ጋዝ መለኪያችሁ ነው። እንደ አዲስ ለስላሳ ጠርሙስ ከጠነከረ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ አዛውሩት። አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን ነው። በጣም ከጠነከረባችሁ ክዳኑን ትንሽ ላላ አድርጋችሁ አስተንፍሱ።

«ለጋዙ» ብላችሁ ስኳሩን ከ50 ግራም በላይ አታድርጉት። ከፍታ ላይ ቢራ ሲከፈት ከቆላው ይልቅ አረፋ ይበዛበታል።

ከታሸገ ሁለት ሳምንት በኋላ ጠጡት። ጥንካሬው በግምት ከ4 እስከ 5 በመቶ ነው። ስትቀዱ የመጨረሻውን አንድ ጣት ጠርሙሱ ውስጥ ተዉት፣ እርሾ ነው።

ብዙ የሚደርሱኝ አቤቱታዎች

«አልተነሳም።» ብዙ ጊዜ ፈሳሹ ትኩስ እያለ እርሾ ተጨምሯል፣ ወይም እርሾው አርጅቷል። አዲስ እርሾ አርጥባችሁ ድገሙ። ከ24 ሰዓት በላይ አትጠብቁ።

«ቱቦው ቡልቅ አይልም፣ ጀሪካኑ ውስጥ ግን አረፋ አለ።» ሰሙ ቀዳዳ አለው። እየተብላላ ነው፤ ድፈኑትና ተዉት።

«ኮመጠጠ።» ንጽሕና ነው። ከዕቃዎቹ ሁሉ በብዛት ጥፋተኛው ቱቦው ነው፤ ውስጡ አይታጠብም። በየሦስት ጠመቃው አዲስ ግዙ።

«የፕላስተር ሽታ አለው።» ክሎር ነው። ወይ ውሃው አላደረም፣ ወይ በረኪናው በደንብ አልተለቀለቀም።

«ድፍርስ ነው።» የዳቦ እርሾ በቀላሉ አይዘቅጥም። ከማሸጋችሁ በፊት ጀሪካኑን ሁለት ቀን በጣም ቀዝቃዛ ቦታ አቁሙት። የደሴ ሌሊት ለዚህ ይረዳል፤ በረንዳ ላይ ጨርቅ አልብሳችሁ አሳድሩት።

«ላጠንክረው፣ ስኳር ልጨምርበት?» ይቅርባችሁ፤ ይቀጥናል፣ ያሰክራል፣ ጣዕም የለውም። ጠንካራ ከፈለጋችሁ ብቅል ጨምሩ።

«ላውጣው?» አረቄ ማለታችሁ ከሆነ እኔ የለሁበትም። እሳትና የአልኮል እንፋሎት በቤት ዕቃ አይሆንም።

ጀሪካኑ ሥር የቀረውን ነጭ ዝቃጭ አትድፉት። አንድ ስኒ በፈላ ውሃ በታጠበ ብልቃጥ አድርጋችሁ ክዳኑን ላላ አድርጉና ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። በሳምንት ውስጥ ለሚቀጥለው ጠመቃ እርሾ ይሆናል፤ ከሱቁ ፓኮ ይልቅ ቶሎ ይነሳል። መኮምጠጥ ካሸተታችሁ ግን ድፉትና አዲስ ግዙ።